ጨው የበላው የወርቅያንሱ ማሳ

በአንድ ወቅት፣ ከደጋው ግርጌ በተዘረጋ ቆላ፣ ወርቅያንሱ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ያላት ሀብት በመስኖው ቦይ ማብቂያ ላይ ያለ አንድ ማሳ ብቻ ነው። የሰፈሩ ትርፍ ውሃ ሁሉ እዚያ ይተኛል፤ ፀሐይ ውሃውን ስትመጠው ጨዉ ይቀራል። እንዲህ እንዲህ እያለ መሬቱ ዱቄት የተነፋበት መሰለ። ማሽላ ቢዘሩበት አይበቅል፤ ቢበቅልም ስንዝር ሳይሞላ ቢጫ ሆኖ ይደርቃል። ወርቅያንሱ አፈሩን በምላሷ ነካ አድርጋ ትተፋና "ባሌን ቀበርኩ፤ አሁን ደግሞ መሬቴን ልቀብር ነው" ትል ነበር።

ሦስት ልጆች ነበሯት፤ አሰግድ፣ ጌጤነሽና ሽብሩ። ማሳው ደህና በነበረበት ዘመን እንኳ የሚያበላው አንድ ቤተሰብ ነው፤ ቢቆርሱት ለማንም አይሆን። ስለዚህ አንድ ቀን ልጆቿን ሰብስባ ጎረቤት በሰማበት፣ "ይህን መሬት ያዳነ ይውረሰው፤ እኔም ከእሱ ጋር እኖራለሁ። የቀራችሁት እንጀራችሁን ሌላ አገር ፈልጉ" አለቻቸው። ስትናገረው ቀሏት ነበር፤ መሬቱ ይድናል ብላ መቼ አስባ።

የበኩር ልጇ አሰግድ ሲያዩት ሥራ ፈት ይመስላል፤ ማሳ ዳር ተቀምጦ ማየት ይወዳል። አንድ ቀን ግን ድሮ ከሰል አክሳዮች ይሠሩበት በነበረ ስፍራ፣ በዚያ ሁሉ ጨው መሀል፣ ማንም ያልዘራው ዱባ ለምልሞ አየ። አመዱ ነው ብሎ አሰበ፤ ጓሮው ላይ አመድ የማይበትን ማን አለና? አገዳ አቃጥሎ አመዱን ማሳው ጥግ በተነው። ጭራሽ ባሰበት። ጎረቤት ሳቀ። እሱ ግን ተመልሶ የዱባውን ሥር ቢቆፍር ያገኘው የከሰል ስብርባሪ ነው። "ለካ እሳቱን ማፈን ነበረብኝ" አለ። ጉድጓድ ቆፍሮ አገዳ ለኮሰ፤ ነድዶ ሳያልቅ አፈር ጫነበት። የወጣውን ከሰል አድቅቆ ከፍግ ጋር ለወሰና ከአፈሩ ጋር ቀላቀለ። በዚያች ጥግ ማሽላ በቀለ።

ለማሳው ሁሉ የሚበቃ አገዳ ግን ከየት ይምጣ? ዝናብ የራቀበት ዓመት ነበርና የአገዳ ክምር የቀራት ጌጤነሽ ብቻ ናት። ከባሏ ተፋትታ፣ ሕፃን ልጇን አዝላ፣ አንዲት ላም እየነዳች ነበር ወደ እናቷ ቤት የተመለሰችው፤ አገዳው የላሚቱ የበጋ ቀለብ ነው። "ውሰደው" አለችው ወንድሟን። ክምሩ ተከሰለ፤ ላሚቱ ግጦሽ ሳይደርስላት ሞተች። ጌጤነሽ ወተት ለለመደ ልጇ አጥሚት እያጠጣች ከረመች።

ሽብሩ የመጨረሻው ልጅ ነው። ውሃው መውጫ ካላገኘ ጨዉ ዞሮ እንደሚመጣ የታየው እሱ ነው። ከማሳው ግርጌ እስከ ወንዙ ድረስ ድንጋይ እየፈነቀለ ቦይ መቆፈር ጀመረ። ሰርጉ ደርሶ ነበር፤ "ቦዩን ሳልጨርስ አላገባም" አለ። የእጮኛው አባት ታግሦ ታግሦ ለሌላ ዳራት። ሽብሩ የሰርጉን ዘፈን ቦዩ ውስጥ ሆኖ ሰማ። አለቀሰ፤ ከዚያ ዶማውን አነሳ። ክረምቱ ሲገባ ዝናቡ ጨዉን እያጠበ በቦዩ አወረደው፤ ዘሩም ያዘ።

በመከር ማሽላው ሰው የሚውጥ ሆነ። ወርቅያንሱ መሀሉ ቆማ አለቀሰች፤ ከደስታም፣ ከፍርሃትም።

"እኔ ባላየው ኖሮ ዛሬም ጨው ነበር" አለ አሰግድ።

"ያለ እኔ አገዳ ምን ልታከስል ነበር?" አለች ጌጤነሽ።

"የሁለታችሁንም ልፋት ጨው መልሶ ይበላው ነበር፤ ውሃውን ያስወጣሁት እኔ ነኝ" አለ ሽብሩ።

አንዳቸውም አልዋሹም። የወርቅያንሱ ጭንቀትም ይኸው ነው፤ የሚዋሽ ቢኖር እንዴት በቀለላት።

በዚያ አገር መሬት የሚወርሰው ሰው ከአውራሹ እጅ የዘር ቁና ይቀበላል። የዘር ሰሞን ሲደርስ ወርቅያንሱ ቁናውን ይዛ ከቤት ወጣች። ሦስቱም ደጅ ቆመዋል፤ ጎረቤቱም ቃሏን ሊሰማ ተሰብስቧል። አንዱ ቁናውን ተቀብሎ አብሯት ይኖራል። ሁለቱ ጓዛቸውን ይሸክማሉ፤ ዳግመኛ ታያቸው እንደሆነ አታውቅም።

እንግዲህ እናንተ የሰማችሁ፣ ፍርዱ የእናንተ ነው። መላውን ላገኘው ነው፣ ያላትን ለሰጠችው፣ ወይስ የጨዉን መመለሻ ለዘጋው? ስትፈርዱ ግን ሁለቱን የምትሸኝ እናት ሆናችሁ ፍረዱ፤ ቁናው ለማን ይገባል?