ጉሮሮ በመጥረግ የተከሰሰው ሰው

አንድ ምላሱ እንደ ምላጭ የሚቆርጥ፣ ሆዱን ግን አብዝቶ የሚወድ ሰው ነበር። ራቱን እስኪጠግብ በልቶ ወዲያው ይተኛል። ከጊዜ በኋላ ድምፁ ሻከረ፤ ጉሮሮው ላይ አንድ ነገር የተቀረቀረ እየመሰለው ቀኑን ሙሉ «እህ፣ እህ» ይል ጀመር።

አንድ ቀን ፊታውራሪ መሸሻ ግብር አብልተው ስለ ራሳቸው ደግነት ሲናገሩ፣ ሰውየው በየመሀሉ «እህ» አለ። ታዳሚው ሳቀ። ፊታውራሪ ተቆጡና፣ «ንቆኛል፤ ይገረፍ!» አሉ።

«ጌታዬ፣ የደፈረዎት ጉሮሮዬ ነው፤ እኔንም አይሰማኝም» ብሎ ለመነ።

ሐኪም ተጠራ። ሐኪሙ አፉን አስከፍቶ ጉሮሮውን በመስተዋት አየ፤ ስለ አበላሉና ስለ አተኛኘቱም ጠየቀው።

«እውነቱን ነው» አለ ሐኪሙ። «የጨጓራው አሲድ ሽቅብ እየወጣ ጉሮሮውን አቃጥሎታል። ራቱን ቀንሶ በጊዜ ይብላ፤ ሦስት ሰዓት ሳይቆይ አይተኛ፤ ትራሱንም ከፍ ያድርግ።»

ፊታውራሪ ግን ሊለቁት አልፈለጉም። «ይሁን፣ ጉሮሮህን ምሬዋለሁ። በል አሁን ስለ እኔ በሆድህ ያለውን ሳትደብቅ በሰው ፊት ተናገር!» አሉት።

ሰውየው ቢያወድሳቸው ውሸታም ተብሎ፣ እውነቱን ቢናገር ደፋር ተብሎ እንደሚገረፍ ገባው። እጅ ነሣና እንዲህ አለ፦

«ጌታዬ፣ እኔ ሆዳም እንጂ ጀግና አይደለሁም። ሐኪሙ ሲናገሩ ሰምተዋል፤ በሽታዬ በሆዴ ያለው ወደ ላይ መውጣቱ ነው። እዚያው ቢቀርልኝ ለጉሮሮዬም ለጀርባዬም ይበጃል።»

ፊታውራሪ ሳይወዱ ሳቁ፤ ግርፋቱም ቀረለት።