ጋቢ የለበሰች ጽጌረዳ

በአንድ ወቅት፣ ውርጭ ደጃፏን በማይለቅ አንዲት የደጋ ከተማ፣ ወይዘሮ አስካለ የሚባሉ ሴት ይኖሩ ነበር። ከተማዋ ገብስ እንጂ አበባ የሚሆንላት አትመስልም፤ የአስካለ ግቢ ግን ዓመቱን ሙሉ አበባ አጥቶ አያውቅም። ይህም በዕድል የመጣ አልነበረም። ከአጥሩ ሥር ረጃጅሞቹን ዳሊያዎች፣ ከእነሱ ፊት ወገብ የሚደርሱትን፣ በመንገዱ ዳር ደግሞ መሬት ለመሬት የሚነጠፉትን እየደረደሩ፣ አንዱ መደብ ሲከስም ሌላው እንዲከፈት አስበው ነበር የሚተክሉት። የመስከረሙ ሳያልቅ የጥር ወሩ ይደርሳል፤ የጥሩ ሳይረግፍ የፋሲካው እንቡጥ ይቋጥራል።

አበባው ለዓይን ብቻ የተተከለ አልነበረም፤ ለመቆረጥ ነበር። በሰፈሩ ሰው ሲሞት ከዕድሩ ጡሩምባ ቀጥሎ የሚሰማው የአስካለ መቀስ ነው ይባል ነበር። ጤዛው ሳይደርቅ ቆርጠው፣ የታችኛውን ቅጠል ገፍፈው፣ ውሃ በያዘ እንስራ ውስጥ አቁመው አንገቱ እስኪጠና ይጠብቃሉ። «ውሃ ያልጠጣ አበባ ከቤቴ አይወጣም» ይላሉ። «ሬሳ ላይ አንገቱን የሚደፋ አበባ ለሟች ስድብ ነው።» ባለጸጋም ይሁን ለማኝ፣ ከአስካለ መደብ የተቆረጠ አበባ ሳይዝ ወደ መቃብር የወረደ የሰፈሩ ሰው አልነበረም።

አንዲት ነጭ ጽጌረዳ ብቻ መቀስ አይነካትም። በሰርጋቸው ዓመት ከእናታቸው ግቢ አምጥተው የተከሏት ነበረች። «ይህቺ የእኔ ናት፤ ስሄድ ይዣት እሄዳለሁ» ይሉ ነበር። ባለቤታቸው አቶ እንዳለማው በዳኝነት ወንበር ላይ የሸበቱ ሰው ናቸው።

«አንቺ ሴት፣ ሞትን እንደ ሰርግ ትደግሽለታለሽ» ይሏቸዋል።

«አንተ ደግሞ ኑሮን እንደ ክስ በቀጠሮ ትገፋዋለህ» ይመልሳሉ አስካለ።

ከዚያ ሁለት ነገሮች በአንድ ዓመት መጡ። ጎረቤት አጥር አስታክኮ ፎቅ ሠራ፤ ጥላውም በመደቦቹ ላይ ተኛ። አስካለም በሳንባ ሕመም አልጋ ያዙ። ጽጌረዳዋ ከባለቤቷ ጋር የተማከረች ይመስል ቅጠሏን ማርገፍ ጀመረች። በግንቦት አንድ ቀን አስካለ ባላቸውን ወደ አልጋቸው ጠሩ።

«ለሰው ሁሉ አበባ ሰጥቼ እኔ እጄን አጣጥፌ አልሄድም። ጽጌረዳዬን ያዳናት ልጄ፣ ሣጥኔ ሳይከደን በገዛ እጁ ደረቴ ላይ ያኑራት። ማን እንደሆነ አንተ ትፈርዳለህ። ሥራህ ነው።»

አቶ እንዳለማው «እሺ» አሉ። በሕይወታቸው ሳያመዛዝኑ የሰጡት ቃል ያ ብቻ ነበር።

ልጆቻቸው ሦስት ናቸው። ታላቂቱ ጥሩወርቅ ከቃሏ እርምጃዋ የሚቀድም ሴት ነበረች። በሰኔ መሬቱ እንደራሰ ገመድና ችካል ይዛ ግቢውን ለካች፤ ፀሐይ ጠዋት የት እንደምታርፍ፣ ከሰዓት በኋላ ወዴት እንደምትሸሽ ቁጭ ብላ አጠናች። ከፎቁ ጥላ የተረፈ አንድ ማዕዘን ብቻ አገኘች፤ የጽጌረዳ የዱር ዘመድ የሆነው ቀጋ ከአጥሩ ጋር ተጠላልፎ ከበቀለበት ሥር። ማዕዘኑ ግን የዳሊያዎቹ ነበር። አንድ በአንድ ነቀለቻቸው።

«ልጄ፣ የእናትሽን ዕድሜ ነው እኮ የምትነቅዪው» አሏት አባቷ ከደጃፍ ሆነው።

«አውቃለሁ አባባ። ሁሉን ላድን ካልኩ አንዷንም አላድንም።»

ጽጌረዳዋን ቆፍራ ስታነሣ አሮጌው ሥር ተበጠሰ፤ ድምፁ እስከ መኝታ ቤት ተሰማ። በአዲሱ ቦታ ፀሐይ ስትመታት ከቅርንጫፎቿ አንዱ ለመለመ፤ ለምልሞም እንቡጥ ያዘ። የቀሩት ከታች ወደ ላይ እየደረቁ ሄዱ። በጥላው የቀሩት መደቦችም ክረምቱን አልተሻገሩም።

ሁለተኛው ልጅ ምንተስኖት ነው፤ ፖም እያዳቀለ የሚኖር፣ ከሰው ይልቅ ከግንድ ጋር የሚግባባ ሰው። በመስከረም መጥቶ የጽጌረዳዋን ግንድ በጥፍሩ ፋቀ፤ ከቅርፊቱ ሥር አረንጓዴ አጣ። ምላጩን ከኪሱ አውጥቶ በሕይወት ወዳለው ቅርንጫፍ ሲያመራ ጥሩወርቅ ፊቱ ቆመች።

«እንቡጥ ይዛለች እኮ! አይታይህም?»

«ይታየኛል። ሥሯ ሞቷል እትዬ፤ አካፋሽ ጨርሷታል። እንቡጧ ሳይፈነዳ ቅርንጫፉም ይከተላል።»

«ፖም መሰለችህ እንዴ?»

«ፖምማ ብትሆን መች አንቺ እጅ ላይ እጥላት ነበር!»

ቅርንጫፉን ከነእንቡጡ ቆረጠው። አዲስ ቀንበጥ የሚያወጡትን የቅጠል ዓይኖች በምላጭ እየፈለቀቀ፣ የቀጋውን ቅርፊት ሰንጥቆ ከውስጥ ከተታቸው፤ በላስቲክም አሰራቸው። እናቱ በመስኮት ያዩት ነበር።

«ቀጋ እሾህ ነው ልጄ።»

«እሾህ ነው እማዬ። ግን አይሞትም።»

አሮጌዋ ጽጌረዳ በሳምንቱ ደረቀች። ከተከተቱት ዓይኖች አንዱ ብቻ ያዘ፤ ከቀጋው ጎን ቀይ ጫፍ ያለው ለጋ ቀንበጥ አወጣ። ያ ቅርንጫፍ ሳይቆረጥ በግንዷ ላይ ቢቆይ ያብብ ነበር ወይስ አያብብም? ይህን የሚመሰክር ከዚያ ወዲያ አልተገኘም።

ትንሿ የውብዳር በሩቅ ከተማ የሆቴል ሥራዋን ትታ እናቷን ልታስታምም ተመልሳ ነበር። ቀንበጡን ያጠጣችው እሷ ናት፤ የቧንቧ ውሃ ሲጠፋ የእናቷን ገላ ያጠበችበትን ውሃ እያቀዘቀዘች ታጠጣው ነበር። ታኅሣሥ ሲገባና ሰማዩ ሲጠራ፣ በየምሽቱ ጆንያ ታለብሰዋለች። አንድ ቀን ግን ውርጩ ጆንያውን ዘልቆ የቀንበጡን ሁለት ቅጠሎች ለበለበው። በማግስቱ አቶ እንዳለማው የዘመድ ለቅሶ ለመድረስ ወደ ገጠር ወጡ። ያን ምሽት ነፋሱ ጸጥ አለ፤ ከዋክብቱም ቀርበው ታዩ። የደጋ ሰው ይህ ጽኑ ውርጭ እንደሚያመጣ ያውቃል።

አቶ እንዳለማው ሌሊቱን ተጉዘው ሊነጋጋ ሲል ወደ ግቢያቸው ገቡ። በማዕዘኑ፣ በአጥሩ ሥር፣ የአስካለን ወፍራም ጋቢ የለበሰ ሰው ቆሞ አዩ። ሚስታቸው ተነሥተዋል! በእግራቸው ወጥተው አበባቸውን እየጎበኙ ነው! ሽማግሌው ደስታ አፍኗቸው «አስካል!» ብለው ተጣሩ። ቀረብ ሲሉ ጋቢው በአመዳይ ነጭቶ እንደ ቆዳ ደርቋል፤ ከውስጡ ያለችው ጽጌረዳዋ ነበረች፤ ቅጠሏ ለስላሳ፣ ጫፏም ትንሽ እንቡጥ የቋጠረ። ከቤት ውስጥ የአስካለ ሳል ተሰማ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ሳል ስለው አያውቁም።

«ምን አደረግሽ?» አሏት የውብዳርን።

«እማዬ ራሷ ናት ከላይዋ የገፈፈችው። ‹ለእሷ አልብሻት፤ እኔ ለብሼ አውቃለሁ› አለችኝ። እምቢ ስላት እያለቀሰች ለመነችኝ፣ አባባ።»

«ከዚያስ?»

«ያለውን ሁሉ ደርቤላት፣ አቅፌያት አደርኩ። አልሞቀችም።»

የጤና ባለሙያው መጥቶ አዳመጠ። ሳንባው ቀድሞም ደክሞ እንደነበረ፣ ብርዱም እንዳልረዳው ተናገረ። ከሁለቱ የትኛው እንደሚብስ አቶ እንዳለማው ደጋግመው ጠየቁት፤ ሰውየው ማዳመጫውን ወደ ቦርሳው መለሰ።

እንቡጡ እያበጠ ሲመጣ ልጆቹ በሕመምተኛዋ በር ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መካሰስ ጀመሩ።

«ፀሐይ ያገኘሁላት እኔ ነኝ» ትላለች ጥሩወርቅ፤ «ያ ቅርንጫፍ በጥላው ውስጥ ቢሆን ምን ዓይን ልትፈለቅቅ ነበር?»

«የሞተ ግንድ ፀሐይ ላይ ብታቆሚው እንጨት ይሆናል» ይላል ምንተስኖት። «ሥር የሰጠኋት እኔ ነኝ።»

የውብዳር ብቻ እጆቿን በነጠላዋ ሸፍና ከክሱ ውጭ ትቀመጣለች። አቶ እንዳለማው ሦስቱንም እንደ ባለጉዳይ መዘኑ፤ ሲመዝኑም፣ እያንዳንዱ ማስረጃ ለክሱም ለመከላከያውም እንደሚያገለግል ታያቸው። ሥሯን የበጠሰችው ፀሐይ የሰጠቻት ናት። የመጀመሪያውን እንቡጥ የቀጠፈው ሥር የሰጣት ነው። ከውርጭ ያተረፈቻት ደግሞ እናቷን ለውርጭ አሳልፋ ሰጠች፤ ያውም እናቲቱ ለምነዋት።

በጥር፣ የእንቡጡ አረንጓዴ ቆብ ተሰንጥቆ ነጭ መስመር ብቻ በታየበት ምሽት፣ አስካለ አረፉ። ጽጌረዳዋን ተከፍታ አላዩዋትም።

በማግስቱ ጠዋት ጽጌረዳዋ ፈነዳች። ሣጥኑ ከቤቱ መካከል ተቀምጧል፤ ካህናቱ ፍትሐቱን ጀምረዋል። የሰፈሩ ሴቶች በልማዳቸው አበባ ሊቀበሉ ወደ ጓሮ ዞሩ፤ ባዶ መደብ አይተው ፊታቸውን ሸፍነው ተመለሱ። አበባ የሞላው ግቢ ለባለቤቱ ቀን አንዲት ብቻ ቀርታው ነበር። አቶ እንዳለማው የአስካለን መቀስ አንሥተው፣ ጤዛው ሳይደርቅ፣ ግንዷ ይርዘም ብለው ዝቅ አድርገው ቆረጧት። የታችኛውን ቅጠል ገፈፉ። በእንስራው ውሃ ውስጥ አቁመው፣ አንገቷ እስኪጠና እንደ ልጅ ጠበቋት።

ምንተስኖት ከኋላቸው መጥቶ ቀጋውን በጣቱ ዳሰሰ።

«አባባ... ካዳቀልኩበት በታች ነው የቆረጡት።»

«ምን ማለት ነው?»

«ከእንግዲህ ቀጋ ብቻ ነው የሚያቆጠቁጠው።»

ሽማግሌው መቀሱን አስቀመጡ። አበባዋን ይዘው ወደ ቤት ገቡ፤ ከሣጥኑ ራስጌም ቆሙ። የዕድሩ ሊቀመንበር አቶ መንግሥቴ ክዳኑን በእጃቸው ደግፈው ይጠብቃሉ።

«ልጆቼ፣ ቅረቡ» አሉ አቶ እንዳለማው።

ትናንት በበር ላይ ሲካሰሱ የነበሩት ዛሬ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ጥሩወርቅ «ለምንተስኖት ይስጡት፤ እኔ ሥሯን በጥሻለሁ» አለች። ምንተስኖት «ለየውብዳር ትገባለች፤ የኔ ሥራ ካለሷ የአንድ ሌሊት ነበር» አለ። የውብዳር ከነጠላዋ ሥር እጇን አላወጣችም። «እኔ እናቴ ደረት ላይ አበባ ላኑር? በየትኛው እጄ?» አለች።

«ጋሼ እንዳለማው፣ ካህናቱ ቆመዋል» አሉ ሊቀመንበሩ በለሆሳስ። «ክዳኑን ላውርድ? ወይስ እርስዎ ያኑሩላት?»

«እኔማ አልችልም። ያዳናት ልጅ ነው ያለችው።»

አንድ ነጭ ቅጠል ከአበባዋ ተላቆ ወለሉ ላይ ወደቀ። ሌላም ተከተለው። ስንቱን ባለጉዳይ በአንድ ቃል ያሰናበቱት ዳኛ ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው ተመለከቱ። አንዱን ቢጠሩ ሁለቱን ይኮንናሉ፤ የጠሩትንም በእናቱ ፊት ጥፋቱን ያስታውሱታል። ማንንም ባይጠሩ፣ ከዚያ ሰፈር ያለ አበባ የሚቀበሩት አስካለ ብቻ ይሆናሉ።

ክዳኑ በአየር ላይ ነው፤ አበባዋም እየረገፈች ነው። ተረት ላወራ ሰው ዳቦ ይገባዋል ይባላል፤ ለዚህ ተረት ግን ዳቦው ይቅርና ፍርዱን ስጡኝ። ፀሐይ የሰጠቻት፣ ሥር የሰጣት፣ ወይስ ጋቢ ያለበሰቻት? ጽጌረዳዋን በእናቱ ደረት ላይ ሊያኖር የሚገባው ልጅ የትኛው ነው?