የሃይላንዱ ዜሮ

በአንድ የቆላ ቀበሌ ለመልስ የማትቸገር መምህርት ነበረች። ስለ አየር ጠባይ ስታስተምር ልጆቹን ይዛ ሜዳ ትወጣለች። ባዶ የውሃ ሃይላንድ አንገቱን አስቆርጣ፣ በማስመሪያ ምልክት አስደርጋ፣ ዝናብ መለኪያ ይሆን ዘንድ ጓሮ አስተከለቻቸው። ልጆቹ በየጠዋቱ የገባበትን ዝናብ ለክተው የክፍሉ ግድግዳ ላይ በጠመኔ ይጽፋሉ። በዚያ ዓመት ግን በልጉ ቀረና ሦስት ሳምንት ሙሉ የጻፉት ዜሮ ብቻ ሆነ።

አንድ ቀን የወረዳው ሹም አቶ ሽብሩ ኮታቸውን ቆልፈው ከተፍ አሉ። ለበላይ አካል «ዝናቡ በጥሩ ሁኔታ እየጣለ ነው» ብለው ሪፖርት ልከዋል፤ በማግስቱ ደግሞ ከዞን የሚመጡ እንግዶች ትምህርት ቤቱን ሊጎበኙ ነው። የተደረደረውን ዜሮ ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ልጆቹ የለኩት ዝናብ ነው፣ ጌታዬ» አለች መምህርቷ።

«ተሳስተዋል! አሁኑኑ ያጥፉና ሃያ ሃያ ሚሊሜትር ብለው ይጻፉ። አለዚያ ከነገ ጀምሮ እዚህ እንዳላይሽ!»

ልጆቹ ጠመኔያቸውን እንደያዙ ዓይን ዓይኗን አዩዋት። እሷ ወጣችና ሃይላንዱን ከጓሮ ነቅላ መጣች። ከዚያ እጅ ነስታ በሁለት እጇ አቀረበችላቸው።

«ጌታዬ፣ እኛ የምንጽፈው ይሄ ያለንን ነውና እስቲ እርስዎ ይምከሩት። እኔስ ያልገባበትን ገባ እንዲል ስንቴ ለመንኩት፣ አልሆንለት አለ። ይህን ቢችልማ ኖሮ እስካሁን ተሹሞ ወረዳ ይቀመጥ ነበር።»