የአናጢው ምልክት

አንድ አናጢ ነበር፤ እንዳላማው ይባላል። በሚኖርባት ከተማ ቤቱ ያረጀበት፣ ጣሪያው የዘመመበት ሰው ሁሉ የሚጠራው እሱን ነው። ምሰሶ ተሰነጠቀ ሲሉት ሮጦ አያፈርስም፤ "ምንም አይደለም" ብሎም አይሄድም። ስንጥቁ ያበቃበት ቦታ ላይ በከሰል መስመር ያሰምርና "ይህን ማንም እንዳይነካው" ብሎ ይወጣል። ሰንበት ብሎ ተመልሶ ያየዋል። ስንጥቁ መስመሩን ካላለፈ የድሮ ጠባሳ ነውና ቤተሰቡ ተረጋግቶ ይተኛል። ካለፈ ግን ምሰሶው እየከዳ ነው፤ ሰዎቹን ያን ዕለት ያስወጣቸዋል። በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም።

የአናጢ ጥፍር ደግሞ መቼም ንጹሕ ሆኖ አያውቅም። ምስማር የሚይዘው የግራ አውራ ጣት በየጊዜው መዶሻ ይቀምሳል። ደም ይቋጥራል፣ ይጠቁራል፣ ከዚያም ጥፍሩ ሲያድግ ጥቁረቱ አብሮት ወጥቶ ያልቃል። እንዳላማው ይህን ሲያይ ነው ያረጀው። ስለዚህ አንድ ቀን በአውራ ጣቱ ጥፍር ሥር ጥቁር መስመር ሲያይ ምንም አልመሰለው። መቼ እንደመታው አላስታወሰም፤ ግን የትኛውን ምት አስታውሶ ያውቃል?

ነገሩን ያስተዋለችው ሚስቱ እማዋይሽ ናት። እጁን ስታስታጥበው ጣቱን ያዝ አደረገችና፣

"ይሄ ነገር ክረምት ላይም ነበረ እኮ፤ ለምንድነው የማይወጣው?" አለችው።

"መዶሻ ነው።"

"መዶሻ ሲመታህማ ጎረቤቱን በጩኸት ታናውጠው የለ እንዴ? ይሄን መቼ ጮህክለት?"

"አንቺ ሴትዮ፣ አናጢው እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?"

"እንግዲያው እንደ አናጢ አድርገዋ! ምልክት አድርግበት።"

ሳቀ። ሞረዱን አነሳና ጥቁረቱ በሚጀምርበት በኩል፣ ከቆዳው አጠገብ፣ ጥፍሩን በስሱ ጫር አደረገው። ጥፍር ሲያድግ ጭረቱ ወደ ጣቱ ጫፍ ይሄዳል። ጥቁረቱ የመዶሻ ደም ከሆነ ከጭረቱ ጋር አብሮ ይሄድና ከኋላው ንጹሕ ጥፍር ይበቅላል። ባልና ሚስት በዚህ ተስማሙ።

ጭረቱ ሄደ። ከኋላው የበቀለው ጥፍር ግን እንዳለ ጥቁር ነበር፤ መስመሩም ከበፊቱ ሰፍቷል።

እንዳላማው ይህን ያየው ሥራ ቦታ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። መጋዙን አስቀምጦ ግንድ ላይ ቁጭ አለ። ጣት የሌለው አናጢ ምን ይሠራል? ይሄ ነገር ጣት ላይ ብቻ ባይቆምስ? ወሽመጡ ተቆረጠ። ከዚያም በሰው ቤት አድርጎት የማያውቀውን ነገር በራሱ ላይ አደረገ። ሞረዱን አውጥቶ ጭረቱን አለስልሶ አጠፋና አዲስ ጭረት ከሥሩ ጫረ።

"ጥፍሬ ገና አላደገም፤ ምልክቱ ይኸው እንዳለ ነው" አላት ለእማዋይሽ። እሷም አመነችው። ጭረቱ በሄደ ቁጥር እያጠፋ እንደ አዲስ ይጭራል። ጣቱን በጨርቅ መጠቅለል ጀመረ። ማንም ሳይጠይቀው "መዶሻ መትቶኝ ነው" ማለትም አመጣ። በጨዋታ መሐል ድንገት በሐሳብ ጭልጥ ብሎ ይሄዳል፤ የቀረበለትን ምግብም ሳይነካ ይነሳል።

ታዲያ አንድ ቀን ምሰሷቸው ላይ ምልክት ያደረገላቸው አንዲት ባልቴት ቤት ሊያይ ሄደ። ስንጥቁ ከመስመሩ በታች ነው። መስመሩ ግን እሱ ያሰመረበት ቦታ ላይ አልነበረም። እሱ ያሰመረው ከጉልበቱ ትይዩ ነበር፤ ይሄኛው ወገቡ ጋ ደርሷል።

"እማማ፣ ይሄን ማን አሰመረው?"

ባልቴቷ አንገታቸውን ደፉ። "ሲያልፈው ጊዜ ፈራሁ፣ ልጄ። ውጡ ትለናለህ፤ እነዚህን የልጅ ልጆቼን ይዤ የት እወድቃለሁ? አጥፍቼ ከላይ አሰመርኩት።"

እንዳላማው ተቆጣ። "ከሰል ጣሪያ ይሸከማል እንዴ? እኔንስ አታለሉኝ እንበል፤ ምሰሶውን ምን ብለው ሊያታልሉት ነው?"

ቃሉ ከአፉ እንደወጣ የተጠቀለለ ጣቱን ከኋላው ደበቀ። ባልቴቷ ነገሩ አልገባቸውም፤ ፊቱ አመድ መስሎ ስላዩት ውሃ ላምጣልህ አሉት።

ፍራሻቸውን ራሱ ተሸክሞ አወጣላቸው፣ ጎረቤት አስጠጋቸው። ከዚያ ቤቱ ገባና ሚስቱ ፊት ጨርቁን ፈታው። ጥቁረቱ ጥፍሩን አልፎ ቆዳው ላይ ወጥቶ ነበር።

"ምልክቱን እኔ ነበርኩ የማንቀሳቅሰው" አላት። እማዋይሽ አልጮኸችም። ነጠላዋን አነሳችና "ተነስ" አለችው።

ሐኪም ቤት ያገኟት ሐኪም የጭረቱን ነገር ከሰማች በኋላ ከጥፍሩ ሥር ቁራጭ ወስዳ አስመረመረች። ውጤቱ ሲመጣ አስቀምጣ ነገረቻቸው።

"ካንሰር ነው። እንዲህ ያለው በብዙ ሰው ላይ አይታይም። ጥፍር ሲጠቁር አብዛኛውን ጊዜ ምት ስለሆነ ማንም አይጠረጥረውም።"

"ጣቴን ያተርፉልኛል፣ ዶክተር?"

"ጣትዎን አላተርፈውም። አሁን የምንታገለው እርስዎን ለማትረፍ ነው። መጀመሪያ ጭረቱ ሄዶ ጥቁረቱ ሲቀር ጊዜ መጥተው ቢሆን የምንጨነቀው ስለ ጣትዎ ነበር።"

ጣቱ ተቆረጠ። በሽታው ሌላ ቦታ ደርሶ እንደሆነ በእርግጠኝነት የሚነግረው የለም፤ ለምርመራ በተጠራ ቁጥር ቀን ሳያሳልፍ ይሄዳል። መዶሻውን ግን አልጣለም። ምስማሩን አሁን የምትይዝለት እማዋይሽ ናት።

አንድ ቀን መዶሻው ስቶ የእሷን አውራ ጣት አገኘው። ጩኸቷ ሰፈሩን አናወጠው፤ ጥፍሯም ጠቆረ። እንዳላማው ሞረዱን አምጥቶ ከሥሩ ጫረላት። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት እጇን ይዞ ወደ መስኮቱ ይወስዳታል። ጭረቱ ሄደ፣ ጥቁረቱም አብሮት ሄደ፣ ከኋላው እንደ ሕፃን ጥፍር የጠራ ጥፍር ወጣ። ጣቱ ሲቆረጥ ያላለቀሰው ሰው ያን ጊዜ ተንሰቅስቆ አለቀሰ።

ወዳጆቼ፣ አብዛኛው የጠቆረ ጥፍር የመዶሻ ነው። አብዛኛው እባጭም እባጭ ብቻ ነው፤ የማይድን የሚመስለው ቁስልም ብዙ ጊዜ ይድናል። ክፉውን በሽታ የሚመቸው እነዚህን መስሎ መኖር ነው። ይህን የምነግራችሁ ጥፍራችሁ በጠቆረ ቁጥር እንድትሸበሩ አይደለም። ነገር ግን ያልመታችሁት ቦታ ሲጠቁር፣ መዳን የነበረበት ሲከርም፣ ትንሹ እየሰፋ ሲሄድ ለሐኪም አሳዩ። መፍራት ያለ ነው፤ እንዳላማውም የፈራው እውነቱን ነበር። ያጠፋው ሲፈራ ምልክቱን መንካቱ ላይ ነው።

እናንተስ፣ "መዶሻ ነው" ብላችሁ በጨርቅ የጠቀለላችሁት ነገር የለም?