ፊልም ያልጎረሰ ካሜራ

አንድ ሰው ነበረ፤ አሮጌ ካሜራ ሲያይ ምራቁን የሚውጥ። ጥያቄህን አልዘለልኩትም፣ ታገሠኝ። «ሰውን ላለማስቀየም እሺ ብሎ ማለፍ ማንን ይጎዳል?» አይደል ያልከኝ? እንግዲህ ይህ ሰው በዕድሜው ማንንም አስቀይሞ አያውቅም ነበር።

የካሜራ ፍቅሩ ለጉድ ነው። ምናለሽ ተራ ወርዶ ከተሰበረ ሬዲዮና ከዛገ መቀስ መሀል ቆዳ የለበሰች ካሜራ ካገኘ፣ ለልጁ ሙሽራ የሚመርጥ አባት እንኳ እንደሱ አይጠነቀቅም። ሌንሷን ወደ ሰማይ አቅንቶ ሻጋታ ይፈልግባታል። ጆሮው ላይ ለጥፎ ይጫናታል፤ መዝጊያዋ ተከፍቶ ሲዘጋ የሚያሰማውን «ቀጭ» የልብ ትርታ እንደሚያዳምጥ ሐኪም ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል። እንደ አኮርዲዮን የሚዘረጉ ነበሩት፤ አንገት ደፍተው ከላይ የሚያዩባቸው ባለ ሁለት ዓይን ነበሩት። ሚስቱ ድስት ስትከፍት ሌንስ ታገኛለች። መወልወል ሲጀምር የተፀነሰ ልጅ፣ ወልውሎ ሲጨርስ ዳዴ ይላል። መስታወቱ ከመጥራቱ የተነሳ ዝንብ መጥታ ተኳኩላበት ትሄድ ነበር። አጋነንክ ካልከኝ ዝንቧን ጠይቃት።

ፊልም ግን አያጎርሳቸውም። ፊልም እንደ ልብ አይገኝም፤ ያሉትን ጥቂት ጥቅሎች ማቀዝቀዣ ውስጥ ከቅቤው ጎን አስተኝቷቸዋል። «ለሌንሱ የሚመጥን ነገር ሳይ አወጣቸዋለሁ» ይላል። እስከዚያው አንዷን ባዶዋን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሰፈሩን ይዞራል። ሰው ደግሞ ካሜራ ካየ «አንሳን!» ማለቱ አይቀርም። «ፊልም የለውም» ብሎ ፊት ማስጠቆር አቃተው። ያነጣጥራል፣ «ትንሽ ወደ ግራ» ይላል፣ ቀጭ! እነሱ በመነሳታቸው ይደሰታሉ፣ እሱ በድምፁ ይደሰታል። ክርስትናውን፣ ሰርጉን፣ የእድሩን ስብሰባ ሁሉ እንዲህ አነሳ። «ታጠበ ወይ?» ሲሉት «በቅርብ» ይላል። ሰው ይረሳል፤ እሱም መርሳታቸውን እንደ ይቅርታ ቆጠረው።

በዚያ ሰፈር እማማ ወርቅያንጥፉ የሚባሉ ሴት ነበሩ። ያላቸው ፎቶ የቀበሌ መታወቂያው ላይ ያለው ብቻ ነው፤ እሱም ላይ ዶሮ ሰርቀው የተያዙ ይመስላሉ። አንድ ጠዋት ሰውየው በደጃቸው ሲያልፍ ጠሩት።

«ና እስቲ አንተ ልጅ፣ አንዴ አንሳኝ። ለድንኳኔ ትሆናለች። በመታወቂያዋ ከተለቀሰልኝ ሰው እያዘነ ሳይሆን እየጠረጠረ ነው የሚቀብረኝ!»

ጎረቤት ተሰብስቦ ሳቀ። እማማ ገብተው ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ልጃቸው የገዛችላቸውን ሻሽ አስረው ወጡና ግድግዳው ሥር ዱካ ላይ ተቀመጡ።

«ጥርሴ እንደምታየው ነው። ልሸፍነው?»

«ኧረ ይሳቁ እማማ፣ ይሳቁ!»

ሳቁ። ሰውየው በካሜራው ቀዳዳ አየ። የጠዋቷ ፀሐይ በፊታቸው እጥፋት ሁሉ ገብታ አብራቸው ትስቃለች። እነዚያን ጥቅሎች ያስቀመጠላት ፎቶ ይህች ነበረች። ቤቱ ቅርብ ነው፤ ሮጦ ፊልም ማምጣት ይችላል። ግን «ቆዩ፣ ፊልም ላምጣ» ካለ፣ የቆመው ጎረቤት ሁሉ «የእኛስ?» ይለዋል። ፊቱ ጋለ። ባዶውን ቀጭ አደረገው።

«አማረብኝ?»

«በጣም አማረብዎት።»

ይቺ እንኳ እውነት ነበረች፤ ለዚህ ነው ይበልጥ ያቃጠለችው።

ከዚያ ወዲህ በእማማ ደጅ ማለፍ ተወ። ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ በደብረ ብርሃን ዞሮ ነው የሚመለሰው። ፊልም አጉርሶ ሊሄድና «አንድ ሌላ እንጨምር» ሊላቸው አስቦ ነበር። ነገ፣ ከነገ ወዲያ ሲል እማማ አረፉ።

ልጃቸው ጥቁር ለብሳ ደጁ ቆመች። «ጋሼ፣ የእናቴን ፎቶ ይስጡኝ። ስቱዲዮ ወስጄ ላስነሳት ብዬ ለምኛት ነበር። እሷ ግን ‹እኔ ተነስቻለሁ፣ ያውም ስስቅ› ብላ እምቢ አለችኝ።»

ሰውየው ምላሱ ላይ ውሸት ተዘጋጅቶለት ነበር፤ ፊልሙ ብርሃን ገባበት ማለት። ማን ያውቅበታል? አፉን ከፈተ። «ተነስቻለሁ» ያሏት ቃል ግን ውሸቱን ቀደመችው። ካሜራውን አወረደና ልጅቷን ተከትሎ ድንኳኑ ገባ። በለቀስተኛው መሀል ቆሞ የካሜራውን ጀርባ ከፈተው። ውስጡ እንደ ተጠረገ አውድማ ነበር።

«ፊልም አልነበረውም» አለ። «ማንንም ሳነሳ አልነበረውም።»

ከዳር አንድ ሽማግሌ፣ «እንዴ! ታዲያ እኔ በልጄ ሰርግ ሆዴን ስቤ፣ ትንፋሼን ይዤ የቆምኩት ለቆርቆሮ ነው?» አሉ። አንዱ ሳቁ አመለጠው። «ኧረ ነውር ነው፣ ለቅሶ ላይ!» አለው ጎኑ ያለው።

«የልጄ ክርስትናስ?» አለች አንዲት እናት።

«እሱም።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ፤ መሬት ግን እንዲህ ያለውን አትቀምስም።

ልጅቷ አልጮኸችም። «ስትስቅ አይተዋታል አይደል?» አለችው ቀስ ብላ።

«አይቻታለሁ።»

«እንግዲያው ያ ሳቅ እርስዎ ጋ ቀረ።» የቀበሌውን መታወቂያ ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አቆመችው። ከዚያም ወደ ሰዉ ዞራ፣ «ለጋሼ ቦታ ልቀቁላቸው» አለች። እስከ ሰልስት እዚያው ከፎቶዋ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ቀና ባለ ቁጥር እማማ በጥርጣሬ ያዩታል።

እንግዲህ ልጄ፣ ወደ አንተ ልምጣ። «እሺ» የምትላት ቃልህ የዚያ ሰውዬ «ቀጭ» ናት። ታስደስታለች፤ አንተም ድምጿን ወደሃታል። ሰሚው ግን ነጩን ለብሶ፣ ጥርሱን ገልጦ ይቀመጥላታል። ማንን ይጎዳል አልከኝ? እምቢ ብትለው ሌላ አንሺ ይፈልግ የነበረውን ነዋ! አንተ እሺ ስላልከው ግን ሌላውን ሁሉ «ተነስቻለሁ» እያለ ይመልሰዋል። የክርስትና አባትህን «ዓይን ሐኪም ዘንድ እኔ ነኝ የምወስድዎ» ብለሃቸዋል አሉ። ጎረቤት ልውሰድዎ ሲላቸው፣ «ተውኝ፣ ልጄ ይመጣል» እያሉ ይመልሱታል። ተነስና ሂድ፣ ውሰዳቸው። ካልቻልክም ሄደህ አልችልም በላቸው፤ ፊታቸው ሲጠቁርም ቆመህ እይ፤ ብቻ ዓይናቸው አንተን ማየት ሳይሳነው ሂድ።