ማስፈራርቾው ያባረራቸው

ተረት ተረት!
የማሽላ እሸት!

በአንድ አገር ማሽላ ሲደርስ አዳኞች ጠመንጃቸውን አንግተው ዋኖስ ፍለጋ ይወጡ ነበር። ዋኖሶቹ ግን ሌላው ማሳ ሁሉ እህል ሞልቶት ሳለ፣ ማስፈራርቾ ከቆመበት ማሳ በቀር የትም አያርፉም።

ማስፈራርቾው ከእንጨት ተሠርቶ አሮጌ ኮት የለበሰ፣ ሥራውን የሚያከብር ነበር። ዋኖሶቹ እግሩ ሥር ሲለቅሙ ባየ ቁጥር ያፍራል። አንድ ቀን አላስችለው አለና አንዲቱን፣

«ኧረ እመት ዋኖስ፣ ትንሽ እንኳ አይፈሩኝም? እኔ እኮ የቆምኩት እናንተን ላባርር ነው» አላት።

«አያ ማስፈራርቾ፣ ማን ሥራ ፈታህ አለህ?» አለችው ዋኖሷ። «አዳኞቹ ከሩቅ ሲያዩህ ‘ሰው ቆሟል’ ብለው አፈሙዛቸውን ይመልሳሉ። ልጆቼ ክንፍ ያወጡት በአንተ ነው። እድሜህን ያርዝመው!»



ከዚያ ወዲህ ዋኖሶቹ ማስፈራርቾው እንዳያፍር ብለው መሬት የረገፈውን ብቻ ለቀሙ እንጂ ዛላውን አልነኩበትም። ገበሬው ሊያጭድ ሲመጣ ማሽላው እንዳለ አገኘው። «አበጀህ! አንዲት ወፍ አላስደረስክም» ብሎ የራሱን ካፖርት አለበሰው።

ያን ሰሞን ብርቱ ነፋስ ተነሣ። ዛፉ ሁሉ ሲወዛወዝ ማስፈራርቾው ግን እጁን እንኳ ሳያነቃንቅ ቆመ። በአዲሱ ካፖርት ኪስ ውስጥ ዋኖሷ እንቁላሏን ታቅፋ ነበር።

ተረቴን መልሱልኝ፣
የረገፈውን ተዉልኝ።