የሙሽራው ጀልባና የመሳያው ማሽን

በአንድ ወቅት ባሕር ዳር ከተማ፣ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ ሰፈር፣ ጋሽ መንበሩ የሚባሉ የብረት ሥራ ባለሙያ ነበሩ። በወርክሾፓቸው ካሉት ማሽኖች ሁሉ አብልጠው የሚሳሱለት አንድ ነበር፤ የደነዘዘ መሰርሰሪያና የብረት መቁረጫ የሚስለው መሳያ ማሽን። በሰፈሩ ሁለተኛ አልነበረውም። የየትኛውም ብረት ሠሪ መቁረጫ ሲዶለዱም «መንበሩ ቤት ውሰደው» ይባል ነበር።

ጋሽ መንበሩ ዕድሜያቸው ሲገፋ ደብረ ማርቆስ ካለችው ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ ወሰኑ። ሦስቱን ሠራተኞቻቸውን፣ አንሙትን፣ እናትነሽንና ሽባባውን ጠሩና፣

«ሌሎቹን ማሽኖች ልሸጥ ተነጋግሬያለሁ። መሳያውን ግን አልሸጥም፤ ከእናንተ ላንዳችሁ እሰጣለሁ። ለሦስት አልቆርጠው ነገር ብረት ነው። በጋራ ብሰጣችሁ ደግሞ ትጣላላችሁ። ለማን እንደሚገባ እስክሄድ ድረስ አያለሁ» አሏቸው።

ያን ማሽን ያገኘ የራሱን ቤት ከፍቶ ደንበኛ ይጠብቃል፤ ያላገኘው የሰው ደጅ ሊጠና ነው።

ከዚህ በኋላ አንድ ዓርብ ማለዳ፣ ያለው የሚባል ሙሽራ ከጀልባ ነጂው ከጌቴ ጋር እያለከለከ መጣ። በእጁ ጥርሱ የረገፈ የሞተር ጊር ይዟል።

«ጋሼ፣ ይድረሱልኝ! ሙሽራዬ ደቅ ደሴት ናት። ሠርጉ እሑድ ነው። ሌሎቹ ጀልባዎች በሙሉ ለንግሥ ሄደዋል፤ የኛው ደግሞ ጥርሱ ረገፈ!»

«አይዞህ፣ ጥርሱ የረገፈ ሰው እንኳ ሲዳር አይቻለሁ» አሉ ጋሽ መንበሩ። «አዲስ እንቀርጽለታለን።»

ጊሩን የሚቀርጸው መቁረጫ ግን ደንዝዞ ስለነበር መጀመሪያ መሳል ነበረበት። መሳያው ማሽን ላይ አስረው ቢያስነሱት የመሳያውን ድንጋይ የሚያዞረው ዘንግ እንደ ተያዘች ፍየል ጮኸ፤ ወዲያ ወዲህ የሚንሸራተተው የማሽኑ ጠረጴዛም መሃል ላይ ደርሶ ቀጥ አለ። የተቃጠለ ነገር ሸተተ። የጋሽ መንበሩ ፊት ተለዋወጠ።

«እኔው ነኝ ጉድ የሠራሁት» አሉ። «አንሙት ለአጎቱ ለቅሶ ዳንግላ ሲሄድ ማሽኑ ደረቀ ብዬ ሰጋሁ። ያንን ወፍራም ቅባት፣ ግራሶውን፣ አመጣሁና እንደ ሙሽራ ጠጉር አጠገብኩት።»

ጀልባ ነጂው ጌቴ ክንዱ እንደ ግንድ የሆነ ሰው ነበር። «እኔ እንቢ ያለ ሞተር የማስነሳው በዚህ ነው!» ብሎ ትልቁን መዶሻ አነሣ።

ይሄኔ ከሠራተኞቹ ትልቁ አንሙት ገና ከለቅሶው መንገድ መግባቱ ነበር፤ ዱላውን እንኳ አላስቀመጠም። ዱላውን ወረወረና በደረቱ ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ። «መጀመሪያ እኔን ምታ! ይህ ጠረጴዛ ከተጎዳ የሚስለው ሁሉ ጠማማ ነው የሚወጣው» አለ። አንሙት ለዓመታት ሥራ ሲያበቃ ብናኙን ጠርጎ፣ በየቀዳዳው ዘይት አንጠብጥቦ፣ ማሽኑን ሸራ አልብሶት ነበር ወደ ቤቱ የሚሄደው። እንዲያደርገው ያዘዘው ሰው አልነበረም፤ እሱም እንዴት እንደሚያደርገው ለማንም አሳይቶ አያውቅም። ጌቴ ራሱን እየነቀነቀ መዶሻውን አወረደ።

ሁለተኛዋ እናትነሽ ነበረች፤ ጊር የምትቀርጸው እሷ ናት። ከግራሶው በጣቷ ጠረገችና አሸት አሸት አድርጋ ጆሮዋ አጠገብ አስጠጋችው። ይንኮሻኮሻል። «ይህ ግራሶ መሆኑ ቀርቶ አሸዋ ሆኗል» አለች። «የመሳያው ድንጋይ ብናኝ ከግራሶው ጋር ተለውሶ ብረቱን ሊበላው ነው። መንሸራተቻው የሚፈልገው ዘይት ነው፤ ዘይቱም በየጊዜው ከነቆሻሻው ተጠርጎ መታደስ አለበት።» ጠረጴዛውን አስወርዳ ሁሉን በነጭ ጋዝ አጠበች፤ የተደፈኑትንም የዘይት ቀዳዳዎች በቀጭን ሽቦ ከፈተች። ከዝቃጩ ሥር ጭረት የሌለው ብረት ብቅ አለ። ጠረጴዛው ቦታው ተመልሶ ዘይት ሲጠጣ በአንድ ጣት ተገፍቶ ሄደ።

ጋሽ መንበሩ ግን ጠየቋት፦ «ስቀባው አላየሽኝም ነበር?»

«አይቻለሁ፣ ጋሼ። እርስዎን ለማረም አፍሬ፣ አንሙት ሲመጣ ይነግርዎታል ብዬ ተውኩት።»

አሁን የቀረው ዘንጉ ነበር። ፈጥኖ ስለሚሽከረከር የሚዞርበት ኩሽኔታ ቀጭን ዘይት ይሻል፤ ቤት ውስጥ ያለው ደግሞ ወፍራም የሞተር ዘይት ብቻ ነው። ዘይት ሻጩም ለንግሡ ሱቁን ዘግቶ ሄዷል። ሙሽራው ራሱን ይዞ ተቀመጠ።

ሦስተኛው ሠራተኛ ሽባባው እስከዚያች ሰዓት ድረስ ቀልድ እየነገረ ሙሽራውን ከማጽናናት በቀር ያደረገው አልነበረም። ማሽኑንም ጠርጎት አያውቅም። ድንገት ብድግ አለና፣ «የልብስ ስፌት መኪና ዘይት አይሆንም?» ሲል ጠየቀ። እናትነሽ ትንሽ አሰበችና «ለዛሬ ይሆናል» አለችው። ሮጦ ገበያ ገባ። ልብስ ሰፊዎቹ ግን ሥራ በዝቶባቸው ዘይታቸውን የሚሰጥ ጠፋ። ሽባባው በረድፉ መሃል ቆመና፣ «ዘይት የሰጠኝን ሰው መቀሱን በነፃ እስልለታለሁ! በሕይወት እስካለሁ ድረስ!» ብሎ ጮኸ። ትንንሽ ጠርሙሶች ከየአቅጣጫው ተዘረጉለት። ሸሚዙ ዘይት በዘይት ሆኖ ተመለሰ።

ዘይቱ ገባ፣ ማሽኑ ተነሣ። ዘንጉ ያንን ጩኸቱን ትቶ እንደ ንብ እም አለ። ጋሽ መንበሩ መቁረጫውን ሳሉ፤ እናትነሽ ጊሩን ቀረጸች፤ ጌቴ ጀልባው ላይ ገጠመው። እሑድ ሙሽራውና ሚዜዎቹ እየዘፈኑ ሐይቁን ተሻገሩ። ጋሽ መንበሩና ሦስቱ ሠራተኞችም አጃቢ ሆነው ሄዱ። ሽባባውማ ከሁሉ በላይ ጨፈረ።

ምሳ ተበልቶ ሰው ሲረጋጋ ጋሽ መንበሩ ሦስቱን ፊታቸው አስቀመጡ። «በሉ፣ አሁን ተናገሩ» አሏቸው።

«ያን ሁሉ ዓመት ባልጠብቀው እናትነሽ አጥባ የምታገኘው ዝገት ነበር። መዶሻውን ባላስጥለውም የሚታጠብ ማሽን አይኖርም ነበር» አለ አንሙት።

«ሕመሙን ባላውቅለት አንሙት ቆሻሻውን አቅፎ እንደተኛ፣ ሽባባውም ዘይቱን ይዞ እንደቆመ ይቀሩ ነበር» አለች እናትነሽ።

«እነሱ ጨርሰናል ብለው ሲቀመጡ ዘንጉ አልዞረም፤ ያዞርኩት እኔ ነኝ» አለ ሽባባው። «ደግሞስ ማሽኑ ለሌላ ከተሰጠ የልብስ ሰፊዎቹን መቀስ በምኔ ልሳል? በጥርሴ?»

ዳሱ በሳቅ ተናጋ፤ ወዲያው ክርክር ተነሣ። የሙሽራዋ አባት «የጠበቀ ይውሰድ፤ ግን ሙያውን ለሌላ ካላሳየ ምን ይበጃል?» አሉ። ሙሽራው «ያወቀችው ትውሰድ፤ ግን አይታ ዝም ባትል ኖሮ እኔም ባልደነገጥኩ» አለ። ሙሽራዋ ዓይነ ርግቧን ገለጥ አድርጋ፣ «የሮጠው ይውሰድ፤ ግን ሲወስደው ይጠርገዋል?» አለች። ጌቴም ጀልባው ላይ ሆኖ በጥሩምባው ይጣራ ጀመር። ጋሽ መንበሩ ተሳፈሩ፤ ነገሩ ግን እልባት አላገኘም።

እንግዲህ አድማጮች ሆይ፣ ፍርዱን ለእናንተ ትተናል፤ ማሽኑ የሚገባው ለጠበቀው ለአንሙት ነው፣ ሕመሙን ላወቀችው ለእናትነሽ፣ ወይስ ዘይቱን ላመጣው ለሽባባው?